ጡረታ የተከለከለው የመዘምራን አለቃ

ገለዓዳዊው ቤርዜሊ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ነበር። ንጉሥ ዳዊት ወደ ኢየሩሳሌም አብሮት እንዲወጣ ሲጋብዘው እምቢ ያለበት አንዱ ምክንያት ጆሮው ነው፤ የሚዘምሩ ወንዶችንና ሴቶችን ድምፅ ከእንግዲህ መስማት እንደማይችል ለንጉሡ ነገረው (2ኛ ሳሙ. 19፥35)። ቤርዜሊ ባለጠጋ እንጂ ዘማሪ አልነበረም። ዕድሜውን ሁሉ በዝማሬ የኖረ ሰው እዚያ ደረጃ ላይ ሲደርስስ?

ለሌዋውያን ሥርዓቱ ግልጽ ነበር። በዘኁልቁ 8፥23-26 እንደምናነበው በ25 ዓመታቸው ወደ አገልግሎት ይገባሉ፣ 50 ሲሞላቸው ከሥራው ይወጣሉ። ግን አይባረሩም፤ በመገናኛው ድንኳን ከወንድሞቻቸው ጋር ሆነው ይጠብቃሉ። ሸክሙ ይነሣላቸዋል፣ ቦታቸው ግን አይነሣባቸውም። ይህን ክፍል ባነበብሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ፣ ጡረታ ለማግኘት ከአሥር ዓመት በላይ የለመነ አንድ ጀርመናዊ የመዘምራን አለቃ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሄንሪክ ሹትዝ በ1585 ኮስትሪትስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ የእንግዳ ማረፊያ ነበራቸው። በ1598 በዚያ ያደረው የሄሰ ካሰል መስፍን ሞሪትስ ልጁ ሲዘምር ሰምቶ ወደደውና ወስዶ አስተማረው። ወላጆቹ የሕግ ሰው እንዲሆን ቢመኙም መስፍኑ በ1609 ወደ ቬኒስ ላከው፤ በዚያም ከታላቁ ጆቫኒ ጋብርኤሊ እግር ሥር ተቀምጦ እስከ መምህሩ ሞት ድረስ ተማረ። ሲመለስ በድሬስደን የሳክሶኒው ገዢ የዮሐን ጊዮርግ ቀዳማዊ የመዘምራን አለቃ ሆነ። ሥራው የሉተራኑን ቤተ መንግሥት ጸሎት ቤት ዝማሬ ማዘጋጀት ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ኀዘን በኀዘን ላይ ነው። ሚስቱ ማግዳሌና በተጋቡ በስድስተኛው ዓመት፣ በ1625፣ ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆች ትታለት ሞተች። እርሱም በመዝሙረ ዳዊት ላይ ለተገጠሙ ግጥሞች ዜማ እየደረሰ ተጽናና፤ መጽሐፉ በ1628 ታተመ። በ1618 የጀመረው የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ሳክሶኒን ሲያደቅቅ የመዘምራኑ ቁጥር አነሰ፣ ደመወዝ ተቋረጠ። በ1636 እና በ1639 ያሳተማቸው መዝሙሮች ለጥቂት ድምፆች ብቻ የተጻፉ ናቸው፤ ትልቅ ኅብረት ከየት ይመጣል? ከልጆቹም አንዷ በ1638፣ ሁለተኛዋ በ1655 ቀደሙት።

ስድሳ ዓመት ሲሆነው፣ በ1645፣ ከዕለት ተዕለት አገልግሎት እንዲያርፍ ጠየቀ። አልተፈቀደለትም። ጥር 14 ቀን 1651 ደግሞ ለገዢው ረጅም አቤቱታ ጻፈ። ታሪኩን ከልደቱ ጀምሮ ተረከ፤ ጉልበቱ መድከሙን፣ ዓይኑም እንደ ቀድሞው አለመሆኑን ገለጸ። በወጣትነቱ ጀምሮ በእንጥልጥል የቀሩትን ሥራዎች ሰብስቦ ለመጨረስ ጊዜ እንደሚያስፈልገውም ለመነ። የሚያውቀውን የአንድ ሽማግሌ የመዘምራን መሪ ታሪክም ጨመረበት። የከተማው ወጣት ሹማምንት የሽማግሌውን የድሮ ዜማ ሰልችተው ሊያሰናብቱት ይፈልጉ ነበርና፣ ሹትዝ ያው ዕጣ እንዳይደርስበት መፍራቱን አልሸሸገም።

ይህ አቤቱታ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሰውየው በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይፈራል፦ እንዳይለቁትም፣ እንዳይጥሉትም። ዕድሜውን በመዘምራን መካከል የጨረሰ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል። በእኛም አጥቢያዎች «ሀ» መዘምራን በነበሩበት ወንበር ላይ ዛሬ ልጆቻቸው፣ አንዳንዴም የልጅ ልጆቻቸው ይቀመጣሉ። ቀድሞ ዜማ የሚያወጣው ወንድም ከኋላ ተቀምጦ በማያውቀው ስልት ያጨበጭባል። ማንም ክፉ አልተናገረውም። ማንም ግን ደግሞ ምን እንደ ቀረው አልጠየቀውም።

ገዢው መልቀቂያውን ከለከለው፤ ደመወዙን በጊዜው መክፈልንም አልቻለበትም። ሹትዝ በእነዚያ ዓመታት ለቤተ መንግሥቱ ሹማምንት የጻፋቸው ደብዳቤዎች በአብዛኛው ስለ ራሱ አይደሉም። ልብሱን እስከ ማስያዝ ስለ ደረሰ አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ዘማሪ ይማልዳል። ለተቸገሩት ከራሱ ገንዘብ አውጥቶ አካፈለ። እዚህ ከመኖር በትንሽ ከተማ ተራ የመዘምራን መሪ መሆን ይሻለኛል እስከ ማለትም ደርሶ ነበር።

በ1653 ሌላ ቁስል ተጨመረ። አልጋ ወራሹ የራሱን ጣሊያናውያን ሙዚቀኞች ይዞ ነበርና፣ የ68 ዓመቱ ሽማግሌ እሑድ እሑድ ገና ሠላሳ ዓመት ካልሞላው ቦንቴምፒ ጋር እየተፈራረቀ እንዲያገለግል ተደረገ። ሹትዝ በጣም አዘነ፣ አቤቱታም ጻፈ። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ከጎኑ መቆም ይከብደኛል። ወጣት ሳለ ከጣሊያን አዲስ ስልት ይዞ ወደ ድሬስደን የገባው እርሱ ራሱ ነበርና። በ1ኛ ዜና 25፥8 የአሳፍ፣ የኤማንና የኤዶታም ልጆች ታናሽ ታላቅ፣ መምህርና ተማሪ ሳይባል እኩል ዕጣ ተጣጣሉ። ይህ ለታላቅየው ቀላል ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ገና አላረጀም።

ዮሐን ጊዮርግ ቀዳማዊ በ1656 ሞተ። ልጁ ሽማግሌውን ከዕለት ሥራ አሳረፈው፤ ማዕረጉን አልነሣውም፣ ጡረታም ተቆረጠለት። ሹትዝ በአብዛኛው በልጅነቱ ባደገባት በቫይሰንፌልስ ተቀመጠ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ወደ ድሬስደን እየመጣ። ያን ጊዜ ዕድሜው ከ70 አልፏል። ብዙዎች እዚህ ላይ ታሪኩን ይዘጉታል።

ነገር ግን «ጊዜ ስጡኝ» ያለው ለማረፍ ብቻ አልነበረም። በ1660 የጌታን ልደት ታሪክ ለቤተ መንግሥቱ ጸሎት ቤት አዘጋጀ። ሰማንያን ሲሻገር እንደ ሉቃስ፣ እንደ ዮሐንስና እንደ ማቴዎስ የተጻፉትን የሕማማት ታሪኮች በዜማ ጻፈ። በእነዚህ ሕማማት አንድም የሙዚቃ መሣሪያ የለም፤ የሰው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። አንዳንዶች ይህን የእርጅና መመነን ያደርጉታል። እኔ ግን ይህን ያህል አልሄድም፤ በድሬስደን በሕማማት ወቅት መሣሪያ ዝም ማለቱ የቤተ ክርስቲያኑ ልማድ ነበር። ሆኖም ያንን ዝምታ እንዲህ መጠቀም የሚችል ሰው ከመሣሪያ ጋር ስድሳ ዓመት የኖረ ነው።

ጆሮው በዚህ ጊዜ ከድቶት ነበር። በቀብሩ የሰበከው ማርቲን ጋየር እንደሚናገረው፣ ስብከት መስማት ስላቃተው በአብዛኛው በቤቱ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ያነብ፣ ዜማም ይጽፍ ነበር። በ1671፣ በ86 ዓመቱ፣ ከመዝሙራት ሁሉ ረጅሙን፣ መዝሙር 119ን፣ ከመጀመሪያው ቁጥር እስከ መጨረሻው ለሁለት የመዘምራን ጓድ ጽፎ ጨረሰ። ሃያ ሁለቱን ክፍሎች ሁለት ሁለት እያደረገ አሥራ አንድ መዝሙር አወጣቸው፤ መዝሙር 100ንና የማርያምን የምስጋና መዝሙር በጀርመንኛ ጨመረባቸው። የዚህ ሥራ ቅጂዎች ለዘመናት ጠፍተው በ1900 ጉበን በምትባል ከተማ ተገኙ፤ ጥቂት ድምፆች ግን ጎድለው ነበር።

የቀብሩንም ቃል የመረጠው ከዚሁ መዝሙር ነው። ቁጥር 54 ላይ መዝሙረኛው በእንግድነቱ አገር የእግዚአብሔር ሥርዓት መዝሙር እንደሆነለት ይናገራል። ሹትዝ በ1670 ይህን ቃል በዜማ እንዲያዘጋጅለት በሐምቡርግ ይኖር ለነበረው ለቀድሞ ተማሪው ለክሪስቶፍ በርንሃርድ ጻፈለት። በርንሃርድም ጽፎ ላከ። ጆሮው የደከመው መምህር ወረቀቱን ተመልክቶ «ልጄ» እያለ አመሰገነው፤ ከዜማው የሚያርመው አንድ ኖታ እንኳ እንዳላገኘ ገለጸለት።

ኅዳር 6 ቀን 1672 በ87 ዓመቱ አረፈ፤ ተማሪው የጻፈውም መዝሙር በቀብሩ ላይ ተዘመረ። የተቀበረባት የድሬስደን የድሮዋ የፍራወንኪርሸ ቤተ ክርስቲያን በሚቀጥለው ክፍለ ዘመን ስትፈርስ መቃብሩ ጠፋ። የበርንሃርድም መዝሙር ዛሬ የለም።