በውኃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒዩተር ታሪክና የፍተሻው ስያሜ፦ «ማፍሰስ»፣ «ማዠት»፣ «ማሟሸት»

ለአንድ የቴክኒክ ነገር የአማርኛ ስያሜ ሲታሰብ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ነገሩ በታሪክ ያለፈበት መንገድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በውኃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒዩተር እንዴት እንደሚተከልና ውኃው ከመተላለፊያው አለመውጣቱ እንዴት እንደሚፈተሽ የሚገልጹ ቃላትን ነው። ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ቃሉ በትክክል ካልተመረጠ፣ መመሪያውን የሚያነበው ሰው የትኛው ፍተሻ ከየትኛው እንደሚቀድም ሊሳሳት፣ ብዙ ገንዘብ ያወጣበትንም መሣሪያ በአንድ አፍታ ሊያቃጥል ይችላል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ውኃ ለዚህ ሥራ የተመረጠበት ምክንያት በተፈጥሮው ነው። አንድ ግራም ውኃ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ እንዲል 4.18 ጁል ያህል ኃይል ይቀበላል፤ አንድ ግራም አየር ግን 1 ጁል ያህል ብቻ ይበቃዋል። ውኃ ከአየር እጅግ የከበደ በመሆኑም፣ ልኬቱ በይዘት ሲሆን ልዩነቱ ወደ 3,500 እጥፍ ይደርሳል። በሌላ በኩል ንጹሕ ውኃ ራሱ ኤሌክትሪክ በደንብ ባያስተላልፍም፣ ከብረትና ከአቧራ ጋር ሲነካካ ጨዋማ ነገሮችን አሟሙቶ አስተላላፊ ይሆናል። እንግዲህ ሙቀትን ከሁሉ አብልጦ የሚሸከመው ፈሳሽ፣ ወረዳውን ከነካ ደግሞ የሚያጠፋው እርሱ ነው። የዚህ መሣሪያ ታሪክ በአብዛኛው እነዚህን ሁለት ጠባዮች የማስታረቅ ታሪክ ነው ለማለት ይቻላል።

በ1960ዎቹ አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲስተም/360 ሞዴል 91 በተሰኘው ትልቅ ኮምፒዩተር ውስጥ የወረዳ ሰሌዳዎቹን የሚያቀዘቅዘውን አየር መልሶ በውኃ ማቀዝቀዝ ጀመረ። ውኃው በሰሌዳዎቹ መካከል በተተከሉ ቧንቧዎች እየተላለፈ አየሩን ያቀዘቅዝ ነበር እንጂ ወደ ወረዳው አይቀርብም ነበር። በ1980 ይፋ በሆነው 3081 በተባለው ኮምፒዩተር ግን ውኃው ይበልጥ ቀረበ። ከ100 በላይ ቺፖች በአንድ የሸክላ ገበታ ላይ ይደረደሩና በእያንዳንዱ ላይ በሞላ የሚገፋ ትንሽ የብረት ዘንግ ያርፍበታል፤ የታሸገው ክፍተት በሂሊየም ጋዝ ይሞላል፤ ከላዩ ደግሞ ውኃ የሚያልፍበት ሳህን ይታሠራል። እንዲህ ያለው አንድ ክፍል እስከ 300 ዋት የሚደርስ ሙቀት ያስወግድ ነበር። ሙቀቱ ወደ ውኃው ይሻገራል፤ ውኃው ግን ወደ ቺፑ አይሻገርም።

ከዚህ ላይ የመጀመሪያውን የስያሜ ጥያቄ እናገኛለን። በተለምዶ «የውኃ ማቀዝቀዣ» ሲባል የሚታሰበው ውኃን የሚያቀዘቅዝ ዕቃ ነው። እዚህ ግን ውኃው አቀዝቃዥ እንጂ ተቀዝቃዥ አይደለም። ስለዚህ «በ» የምትለዋ መስተዋድድ ልትቀር አይገባም፤ «በውኃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒዩተር»፣ «በውኃ ማቀዝቀዝ» መባል አለበት። እንደዚሁም «የውኃ ዑደት» የሚለው ስያሜ በጂኦግራፊ ትምህርት የዝናብን፣ የወንዝንና የትነትን ዙር ለመግለጽ ስለተያዘ፣ ለመሣሪያው «የማቀዝቀዣ ዑደት» የሚለው ይሻላል።

የመጀመሪያው ክሬይ-1 በ1976 ለሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ሲሰጥ የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን ፍሪዮን በተባለው የማቀዝቀዣ ጋዝ ነበር። መሣሪያው ወደ 115 ኪሎዋት የሚደርስ ኃይል ይጠቀም ነበር። ሥራው ከዘገየባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው የማቀዝቀዣ ክፍል ነበር። ከፍሪዮኑ ጋር የሚዞረው የመጭመቂያው ዘይት ቀስ በቀስ በመጋጠሚያዎቹ እየወጣ የወረዳ ሰሌዳዎቹን ይቀባ፣ ውሎ አድሮም ወረዳውን ያገናኝ ነበር። ችግሩ የተወገደው አዲስ የብየዳ ዘዴ ከተገኘ በኋላ ነው።

ይህ ዓይነቱ አወጣጥ በአማርኛ የራሱ ስም አለው። ቁስል «ያዣል» እንላለን እንጂ «ያፈሳል» አንልም፤ ፈሳሹ ጠብታ ሆኖ ሳይወርድ ገጽታውን እያረጠበ ይወጣልና። ከመጋጠሚያው ሥር የተነጠፈ ወረቀት ደረቅ ሆኖ ሳለ መጋጠሚያው ራሱ ሊያዥ ይችላል። ስለዚህ «ማዠት» ከ«ማንጠባጠብ» ተለይቶ በመመሪያዎች ውስጥ ሊገባ ይገባዋል። የሚፈትሸው ሰው ከሥር ማየት ብቻ ሳይሆን በመጋጠሚያው ዙሪያ በደረቅ ጨርቅ መዳሰስ እንዳለበት ቃሉ ራሱ ያስታውሰዋል።

በ1985 የወጣው ክሬይ-2 ደግሞ ችግሩን በሌላ መንገድ ፈታው። ወረዳዎቹ ሁሉ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፍሎሪነርት በተባለ ፈሳሽ ውስጥ ተነከሩ። ፈሳሹ ወረዳውን ቢነካም ጉዳት ስለማያደርስ ከውስጥ የሚፈራ ነገር አልነበረም። ይህ «በፈሳሽ ነክሮ ማቀዝቀዝ» ሊባል ይችላል፤ ከ«በውኃ ማቀዝቀዝ» ጋር ግን መምታታት የለበትም።

በ1990ዎቹ ሲሞስ የተባለው የቺፕ አሠራር በትልልቆቹ ኮምፒዩተሮች ሲስፋፋ የኃይል ፍጆታው ስለቀነሰ፣ አይቢኤም ከ1994 ጀምሮ በአየር ብቻ ወደሚቀዘቅዙ መሣሪያዎች ተሻገረ። ውኃው ከትልቁ አዳራሽ ሲወጣ ወደ መኖሪያ ቤት ገባ። በዚያው ዘመን መጨረሻ ገደማ የግል ኮምፒዩተራቸውን ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ ለማሠራት የፈለጉ ሰዎች ከዓሣ ማሳደጊያ ገንዳ ፓምፕ፣ ከመኪና ማሞቂያም ራዲያተር እየወሰዱ የራሳቸውን ዑደት መገጣጠም ጀመሩ። ቀጥሎም ለዚሁ ተብለው የተሠሩ ዕቃዎች ለገበያ ቀረቡ። ቀድሞ የሠለጠኑ መሐንዲሶች በመመሪያ ያከናውኑት የነበረው ፍተሻ፣ ከዚህ በኋላ በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ የሚከናወን ሆነ። ቃሉ ግልጽ መሆኑ ከምንጊዜውም ይልቅ ያስፈለገው ስለዚህ ነው።

ዑደቱ ከአምስት ዋና ዋና ክፍሎች የተሠራ ነው። እነርሱም በቺፑ ላይ የሚታሠረው ሙቀት ተቀባይ፣ ፓምፑ፣ ማጠራቀሚያው፣ ራዲያተሩና እነዚህን የሚያገናኙት ቱቦዎች ከነመጋጠሚያቸው ናቸው። «ራዲያተር» በአሽከርካሪውና በመካኒኩ አፍ የጸና ቃል ስለሆነ እንዳለ ቢቀመጥ ይበጃል። በአተካከል ጊዜ ማጠራቀሚያው ፓምፑን ሁልጊዜ እንዲመግብ ከበላዩ ይቀመጣል፤ ፓምፕ ያለ ውኃ ከዞረ ይበላሻልና። መዳብና አሉሚኒየም በአንድ ዑደት ውስጥ ከተቀላቀሉ ደግሞ በውኃው አማካይነት አሉሚኒየሙ ይበላል።

ፍተሻው ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያው ደረጃ ውኃ አይገባም፤ ዑደቱ ይዘጋና ግፊት መለኪያ ባለው የእጅ ፓምፕ አየር ይሞላል። ብዙውን ጊዜ የሚበቃው ግማሽ ባር ያህል ግፊት ሲሆን፣ ዕቃውን የሠራው ፋብሪካ ከወሰነው ማለፍ አይገባም። መርፌው ለሩብ ወይም ለግማሽ ሰዓት ከቆመበት ካልወረደ ዑደቱ ይዟል ማለት ነው። በሁለተኛው ደረጃ ውኃ ይሞላና ፓምፑ ብቻ እንዲሠራ ይደረጋል። ከኃይል ሰጪው ወደ ሰሌዳውና ወደ ቺፖቹ የሚሄዱት ገመዶች ሁሉ ይነቀላሉ፤ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ሥር ወረቀት ይነጠፋል፤ የቀረው አየር እንዲወጣ ሣጥኑ ወዲህና ወዲያ ዘንበል ይደረጋል። ጥንቃቄ የሚወዱ ሰዎች በዚህ ሁኔታ 24 ሰዓት ያቆዩታል። ለሌላው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚለቀቀው ከዚህ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው የስያሜ ችግር እንመለስ። «ፈሰሰ» ከሚለው ግሥ «ፈሳሽ»፣ «ፍሰት»፣ «ፍሳሽ»፣ «ማፍሰሻ» የሚሉት ሁሉ ይወጣሉ። «የፍሳሽ ፍተሻ» ብንል አንባቢው የቆሻሻ ውኃ መውረጃ ምርመራ ይመስለዋል። «የፈሳሽ ፍተሻ» ብንል የፈሳሹ ጥራት የሚመረመር ይመስላል። «የመፍሰስ ፍተሻ» ብንል ደግሞ ውኃው በዑደቱ ውስጥ መጓዝ አለመጓዙን የሚያይ ፍተሻ ሊሆን ነው፤ ይህም የሚፈለግ ነገር እንጂ ጉድለት አይደለም። «ማፍሰስ»ም ሆን ብሎ መድፋትንና ዑደቱን ባዶ ማድረግን ያመለክታል። «ጣራው ያፈሳል» ስንል ትርጉሙ የሚገባን ባለቤቱ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ስላለ ነው። ግሡ ወደ ስም ሲለወጥ ግን ባለቤቱ ይጠፋል፤ ከእርሱም ጋር ትርጉሙ ይደበዝዛል።

ስለዚህ ስያሜውን ከጉድለቱ ሳይሆን ከሚፈለገው ጠባይ ብንወስደው እንመርጣለን። ሕዝቡ ስለ ዕቃም፣ ስለ መሬትም፣ ስለ ምክንያትም ሲናገር «ውኃ ይቋጥራል»፣ «ውኃ አይቋጥርም» ይላል። የመጀመሪያው ደረጃ «የመቋጠር ፍተሻ» ቢባል፣ በአየርም ሆነ በውኃ ሲደረግ ትርጉሙ አይዛነፍም።

ለሁለተኛው ደረጃ የምናቀርበው «ማሟሸት» የሚለውን ነው። አዲስ ምጣድ ወይም ጀበና ከገበያ መጥቶ በቀጥታ ለሥራ አይውልም፤ ምጣዱ በጎመን ዘር እየታሸ በእሳት ይሟሻል፤ ጀበናውም እንደ አቅሙ ይሟሻል። ዕቃው በዚህ ጊዜ ይጸዳል፣ ይደፈናል፣ ስንጥቅ ካለበትም ይታወቃል። በኮምፒዩተሩም የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። አዲስ ራዲያተር ከብየዳ የቀረ ዝቃጭ ስለሚኖረው ይታጠባል፤ ዑደቱ ይሞላል፤ አየሩ ይወጣል፤ ጉድለቱ ይገለጣል። «ማሟሸት የማዘጋጀት እንጂ የመፈተሽ ስም አይደለም» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው፤ ነገር ግን «ፍተሻ» የሚለውን ለመጀመሪያው ደረጃ ስለሰጠን ሁለቱ ቃላት ይደጋገፋሉ። ከሁሉም በላይ «ሳይሟሽ አይጣድም» ቢባል፣ ኤሌክትሪኩ የሚለቀቀው ከውኃው ፍተሻ በኋላ መሆኑን ከየትኛውም ማስጠንቀቂያ ይልቅ ለአንባቢው ያስረዳዋል።

ከሁለቱ ፍተሻዎች ውጪ የሚቀር ነገርም አለ። ውኃው ከክፍሉ አየር ይልቅ በጣም ከቀዘቀዘ፣ ቱቦው ምንም ሳያፈስ በውጭው ገጽታ ላይ ጤዛ ይወጣል። ይህ ከአየሩ የመጣ ውኃ ስለሆነ የመቋጠር ፍተሻ አያገኘውም፤ ስሙም «ጤዛ» እንጂ «ማዠት» ሊባል አይገባም። ጊዜ ደግሞ ሌላው ፈታኝ ነው። አፕል በ2004 ያወጣው ባለ 2.5 ጊጋኸርዝ ፓወር ማክ ጂ5 በፋብሪካ በታሸገ የፈሳሽ ዑደት ይቀዘቅዝ ነበር፤ ከዓመታት አገልግሎት በኋላ ግን ከአንዳንዶቹ ፈሳሹ እየወጣ የውስጥ ክፍላቸውን ጎድቷል። አንድ ጊዜ መሟሸት ለዘላለም አያገለግልምና፣ መመሪያዎች ስለ ተከታይ ምርመራም ሊናገሩ ይገባል።

ውኃው ወደ ትልልቆቹ አዳራሾችም ተመልሷል። አይቢኤም በ2008 ፓወር 575 በተባለው መሣሪያ ወደ ውኃ ተመለሰ። በ2022 በአሜሪካ ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ይፋ የሆነው ፍሮንቲየር ደግሞ በየደቂቃው ከ22,000 ሊትር በላይ ውኃ በሚያዞሩ ፓምፖች እንዲቀዘቅዝ ሆኖ ተሠራ። ስለዚህ «መቋጠር»፣ «ማዠት»፣ «ጤዛ»ና «ማሟሸት» ለጥቂት ሰዎች መዝናኛ ብቻ የሚያገለግሉ ቃላት አይደሉም። ከጣራው፣ ከቁስሉ፣ ከሣሩና ከጀበናው የመጡ በመሆናቸው አንባቢው አስቀድሞ ያውቃቸዋል፤ የቀረን ሥራ እያንዳንዱን በየቦታው አጽንቶ ማስቀመጥ ነው።