አቅጣጫ የማያመለክቱ የአቅጣጫ ስሞች፦ የሦስት የላቦራቶሪ ቃላት ታሪክ

በሥነ ሕይወት ጽሑፎች ውስጥ «ሳውዘርን ብሎት»፣ «ኖርዘርን ብሎት» እና «ዌስተርን ብሎት» የሚባሉ ሦስት ስያሜዎች ይገኛሉ። ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው «ደቡባዊ»፣ «ሰሜናዊ» እና «ምዕራባዊ» ቢላቸው አይፈረድበትም፤ ይሁን እንጂ ታሪካቸው ሲመረመር ትርጉሙ ስሕተት ሆኖ ይገኛል።

የመጀመሪያው የሰው ስም ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ኤድዊን ሳውዘርን በኤዲንብራ ሳሉ፣ በጄል ኤሌክትሮፎሬሲስ የተለያዩ የዲኤንኤ ቁርጥራጮች ወደ ናይትሮሴሉሎስ የሚሸጋገሩበትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1975 አሳተሙ። ከላይ የተደረደረው ደረቅ ወረቀት ፈሳሹን ሲስብ ዲኤንኤው አብሮ ይወጣና በናይትሮሴሉሎሱ ላይ ይቀራል። አሠራሩ ቀለምን በመምጠጫ ወረቀት እንደ ማድረቅ ስለሆነ «ብሎት» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1977 አልዋይን፣ ኬምፕና ስታርክ በስታንፎርድ ተመሳሳይ ዘዴ ለአርኤንኤ አወጡ፤ የሳውዘርን ስም በአጋጣሚ «ደቡባዊ» ማለት ነውና ይህ በቀልድ «ኖርዘርን» ተሰኘ።

እ.ኤ.አ. በ1979 ቶውቢን፣ ስቴሄሊንና ጎርደን በባዝል ፕሮቲኖችን ከጄል ወደ ናይትሮሴሉሎስ በኤሌክትሪክ ኃይል አሸጋገሩ፤ የሚፈለገውንም ፕሮቲን በፀረ እንግዳ አካል ለዩ። «ዌስተርን» የሚለውን ስም ግን ያወጡት እነርሱ ሳይሆኑ ኒል በርኔት ናቸው፤ በሲያትል ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጽሑፍ የአቅጣጫውን ልማድ ቀጠሉበት።

በእንግሊዝኛ «ሳውዘርን» የተጸውዖ ስም በመሆኑ በትልቅ ፊደል ይጀምራል፤ ሌሎቹን ግን ብዙ አዘጋጆች በትንሽ ፊደል ይጽፏቸዋል። የእኛ ፊደል ይህን ልዩነት ስለማያሳይ መግለጹ የመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ኃላፊነት ነው።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ዌስተርን ብሎት በኤች አይ ቪ ምርመራ የመጀመሪያውን ውጤት ለማረጋገጥ ለብዙ ዓመታት አገልግሏል። «ምዕራባዊ ምርመራ» የሚል ወረቀት የተሰጠው ሰው ምን እንደተመረመረለት አይረዳም፤ ምናልባትም የምዕራባውያን አገሮች ምርመራ ይመስለዋል።

ታዲያ «ብሎት»ን «መምጠጥ» ብንለውስ? ይህም አይበቃም፤ በቶውቢን ዘዴ ፕሮቲኑን የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ እንጂ የወረቀት መምጠጥ አይደለምና። ሦስቱን የሚያስማማው ተግባር ማሸጋገር ነው። ስለሆነም ስሞቹ በድምፃቸው ይጻፉ፤ በፍቻቸውም «የዲኤንኤ»፣ «የአርኤንኤ»፣ «የፕሮቲን ከጄል ሽግግር» ይባሉ። እንዲህ ሲሆን ቀልዱ በታሪክነቱ ይቆያል፤ አንባቢውም አይሳሳትም።