እርሙ የወጣለት ዓሣ

እስቲ ጠጋ በሉ። ጠፋ ተብሎ እርሙ ስለወጣ አንድ ዓሣ ልተርክላችሁ።

አገሩ ኮሎራዶ ነው፤ ወሩ መስከረም። ዴንቨር ውስጥ ብዙ ዘመን የኖሩ አንድ ሽማግሌ ይዘውኝ ወጡ። መኪናችንን ከዋናው መንገድ ዳር አቁመን ዳገቱን በእግር ተያያዝነው። ዚመርማን የሚባለው ትንሽ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ 100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ ትንፋሽ ያጥራል። አገር ቤት ሜዳው አደይ በሚለብስበት በዚያ ሰሞን፣ እዚህ የአስፐን ዛፎች ቢጫ ለብሰው በረዶውን ይጠብቃሉ።

ውኃው ዳር ስንደርስ ሽማግሌው ሳጥናቸውን ከፈቱ። ትል የለ፣ ሊጥ የለ። ያለው በትንንሽ መንጠቆ ላይ የተጠመጠመ ላባና ክር ነው፤ አንዱ ጉንዳን፣ አንዱ ጥንዚዛ፣ አንዱ ትንኝ መስሏል።

«ጋሼ፣ ይህ ክብደት የሌለው ነገር እንዴት ተወርውሮ ይደርሳል?»

«ልጄ፣ የሚወረወረው ክሩ ነው፤ ላባውን ይዞት የሚሄደው እሱ ነው። ወደ ኋላ ስትልከው ተዘርግቶ እስኪያልቅ ጠብቀው። ከቸኮልክበት ይተበተባል።»

እኔም ያን ጠዋት መጠበቅን ተማርኩ።

ትራውት የሚባለው ዓሣ ቀዝቃዛ ውኃ ወዳድ ነው። የሐይቁ ገጽ ሲሞቅ ወደ ጥልቁ ይሸሻል። መስከረም ሲገባ ግን ሌሊቱ ውኃውን ያበርደዋል፤ ዓሣው ወደ ዳር ብቅ ይላል። ሐይቁ በበረዶ ሳይከደን ሆዱን መሙላት አለበትና ነፋስ ከሣርና ከቅጠል ያራገፈውን ጉንዳንና ጥንዚዛ ይለቅማል።

የዚህ ሐይቅ ትራውት ግሪንባክ ከትስሮት ይባላል፤ ከመንጋጋው ሥር ቀይ ሰንበር አለው። የትውልድ ውኃው የሳውዝ ፕላት ወንዝና ገባሮቹ ናቸው። የማዕድን ቆፋሪዎች መርዝ፣ ልክ ያጣ አስጋሪና ከሌላ አገር የመጣ ዓሣ ተባብረው አመናመኑት፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ጠፋ ተባለ። በኋላ ተገኘ ተብሎ በየወንዙ ለዓመታት ተረባ። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን ተመራማሪዎች በቤተ መዘክር ከተቀመጡ የጥንት ዓሦች ጋር ዘሩን ሲያመሳክሩ፣ ሲረባ የኖረው ሌላ ወገን ሆኖ ተገኘ። እውነተኛው የቀረው በአንዲት ጅረት ብቻ ነበር፤ በኮሎራዶ ስፕሪንግስ አጠገብ ባለችው ቤር ክሪክ።

ቤር ክሪክ ደግሞ የሳውዝ ፕላት ገባር አይደለችም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ዓሣውን ወደዚያ ያመጣው አንድ የሆቴል ባለቤት እንደሆነ ተመራማሪዎቹ ደርሰውበታል። በአገሩ ያለው ሲያልቅ በስደት ያለው ዘር ሆኖ ተረፈ። እ.ኤ.አ. በ2014 ልጆቹ ወደ አገራቸው ውኃ፣ ወደዚህ ሐይቅ ተመለሱ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ውኃው ላይ ክብ ሞገድ ታየ። ሽማግሌው «አሁን!» አሉኝ። ወረወርኩ፤ ጠበቅሁ፤ ክሩ ተወጠረ። ዓሣው ወደ ዳር ሲቀርብ እጄን ሰደድኩ።

«ቆይ! መጀመሪያ እጅህን አርጥብ። ደረቅ እጅ ቆዳውን የሚጠብቅለትን ልጋግ ይገፍፈዋል።»

አረጠብኩ። ከውኃው ሳላወጣው፣ ጥርሱ የተደፈጠጠውን መንጠቆ ቀስ ብዬ አላቀቅሁ። ቀዩን ሰንበር አየሁት። ጭራውን አንዴ መታና ሄደ። ሽማግሌው እስኪሰወር ድረስ በዓይናቸው ሸኙት፤ አንድም ቃል አልተናገሩም።

በዴንቨርና በአውሮራ ያላችሁ ወገኖቼ፣ መስከረም ሲጠባ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ፈቃድ አውጡ፤ በዚያ ሐይቅ ግሪንባክ የሚያዝ ሁሉ ይለቀቃልና ሕጉን አክብሩ። እጃችሁንም አርጥቡ።