ብርቱ ብልጭታ፦ ለደረቀ ዓይንና ለሚቀላ ፊት

በዋሽንግተንም ሆነ በዱባይ፣ ዓይኑ እየደረቀ ያስቸገረው ወይም የፊቱ መቅላት አልጠፋ ያለው ሰው ክሊኒክ ሲሄድ «አይፒኤል ብንሞክርስ?» ሊባል ይችላል። ቤቱ ገብቶ ለቤተሰቡ ሲያስረዳ ግን ቃል ያጥረዋል። አንዱ «ሌዘር ነዋ» ይለዋል፤ እናቱ ደግሞ «ጨረር ሊያደርጉልህ ነው እንዴ?» ብላ ትደነግጣለች። ሁለቱም አይደለም።

አይፒኤል የሦስት እንግሊዝኛ ቃላት ምህጻር ነው። በአማርኛ «ብርቱ የብርሃን ብልጭታ»፣ ሲያጥር «ብርቱ ብልጭታ» ብንለው ይስማማዋል ባይ ነኝ። መሣሪያው ውስጥ ያለው አምፖል ዜኖን በሚባል ጋዝ የተሞላ፣ የፎቶ ካሜራ ፍላሽ ዘመድ ነው፤ በሺህኛ ሰከንዶች ለሚቆጠር ጊዜ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። «ጨረር» ከማለት የተቆጠብኩት ቃሉ በእኛ ሰው ጆሮ የካንሰር ሕክምና ስለሆነ ነው። የካንሰሩ ጨረር የሴልን ዲኤንኤ ይሰብራል፤ ብርቱ ብልጭታ ግን ዓይናችን የሚያየው ብርሃንና ከዚያ ቀጥሎ ያለው ኢንፍራሬድ ነው፣ ሥራውንም የሚሠራው በሙቀት ነው። ከሌዘርም ይለያል። ሌዘር አንድ የሞገድ ርዝመት ብቻ ሲያወጣ፣ ይህኛው በግምት ከ500 እስከ 1200 ናኖሜትር ያለውን በአንድ ላይ ይለቃል፤ ሐኪሙ የማይፈልገውን ክፍል በማጣሪያ ያስቀራል።

ሕክምናው የተመሠረተው ብርሃን ቀለምን መርጦ በማሞቁ ላይ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ የተባሉ የቦስተን ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ነገሩን በግልጽ አስቀመጡት፦ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመትና የሚቆይበት ጊዜ በትክክል ከተመረጠ፣ የላዩን ቆዳ ሳያቃጥሉ ከሥሩ ያለችውን ቀጭን የደም ሥር ብቻ ማሞቅ ይቻላል። ቆዳችን ውስጥ ይህን ብርሃን በዋናነት የሚውጡት ሁለት ናቸው፤ አንዱ የደሙ ሄሞግሎቢን ነው፣ ሌላው ቆዳንና ጸጉርን የሚያጠቁረው ሜላኒን። ፊት ሲታከም ዒላማው ሄሞግሎቢኑ ነው። ደሙ ሲሞቅ የተለጠጠችው የደም ሥር ትዘጋለች፣ ሰውነትም ቀስ በቀስ ያስወግዳታል። ሜላኒኑ ግን ከላይ፣ በመንገዱ ላይ ተቀምጧል። አንባቢ ይህን እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሐሳቡን ወደ መሣሪያ ከለወጡት ሰዎች አንዱ እስራኤላዊው ሺሞን ኤክሃውስ ነው። በ1992 የተቋቋመው ኩባንያው የሠራው ፎቶደርም በ1995 ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ሲያገኝ የታሰበው እግር ላይ ለሚታዩ ቀጫጭን የደም ሥሮች ነበር። ከእግር ወደ ፊት ለመውጣት ብዙ አልቆየም፤ ፊት ላይ ደግሞ ሮዛሲያ ጠበቀው።

ሮዛሲያ ጉንጭን፣ አፍንጫንና ግንባርን የሚያቀላ፣ የሚያቃጥል፣ ጥቃቅን የደም ሥሮችን አጉልቶ የሚያወጣ፣ አንዳንዴም ብጉር የሚመስሉ እብጠቶች ያሉት ሥር የሰደደ የቆዳ ሕመም ነው። ነጭ ቆዳ ላይ ከሩቅ ይታወቃል። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለሚሸሸግ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቀራል፣ ወይም ብጉር ነው ተብሎ የብጉር መድኃኒት ይታዘዝለታል። ፀሐይ በመታው፣ ትኩስ ሻይ ወይም በርበሬው የበዛ ወጥ በቀመሰ ቁጥር ፊቱ የሚለበለብ ጠይም ሰው ሕመሙ የፈረንጅ ብቻ ነው ሲባል ዝም ማለት የለበትም።

ብርቱ ብልጭታ ወደ ዓይን የተሻገረው በሐኪሞች ትዝብት ነው። የሜምፊስ፣ ቴነሲው የዓይን ሐኪም ሮላንዶ ቶዮስ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለሮዛሲያ ብርቱ ብልጭታ የተደረገላቸው ሰዎች ዓይናቸውም ቀለል እንዳላቸው አስተዋሉ። ምክንያቱን ለመረዳት የዓይን ቆብን ጠርዝ ማወቅ ያስፈልጋል። ከሽፋሽፍቱ ሥር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ላይኛውም ታችኛውም ቆብ ላይ በረድፍ የተደረደሩ፣ በእያንዳንዱ ቆብ ከሃያ በላይ የሚሆኑ የቅባት ዕጢዎች አሉ። በ1666 ስለ እነርሱ በጻፈው ጀርመናዊ ሐኪም በሃይንሪሽ ማይቦም ስም ሜይቦሚያን ዕጢዎች ይባላሉ። ዓይናችንን ባርገበገብን ቁጥር ቀጭን ቅባት በእንባው ላይ ይዘረጋሉ፤ ያ ቅባት እንባው ቶሎ እንዳይተን ይጠብቀዋል። ዕጢዎቹ ሲታመሙ ቅባቱ በብርድ እንደረጋ ቅቤ ይጠጥርና አፋቸውን ይደፍነዋል። እንባው ያኔ ዓይን ላይ አይቆይም፤ ይቆረቁራል፣ ያቃጥላል፣ እይታ ይደበዝዛል። አንዳንዱ ሰው «እንዴት ዓይንህ ደረቀ ይሉኛል፣ እያለቀሰ?» የሚለውም ለዚህ ነው፤ የተቆጣ ዓይን ውሃ ያጎርፋል፣ ቅባት የሌለው ውሃ ግን ወዲያው ይተናል ወይም ጉንጭ ላይ ይፈስሳል። ከኮምፒውተርና ከስልክ ጋር ውሎ ማደር ችግሩን ያባብሰዋል፣ ስክሪን ላይ ስናፈጥ ማርገብገብ እንቀንሳለንና።

ሕክምናው ሲሰጥ ታካሚው በጀርባው ይተኛል፤ ዓይኖቹ ብርሃን በማያሳልፍ መሸፈኛ ይዘጋሉ። ከአንዱ ጆሮ ሥር ተነሥቶ ጉንጭንና አፍንጫን አቋርጦ እስከ ሌላው ጆሮ ድረስ ቀዝቃዛ ጄል ይቀባል። ሐኪሙ የመሣሪያውን እጀታ ጄሉ ላይ እያሳረፈ ብልጭ ያደርጋል፣ ትንሽ ፈቀቅ ይላል፣ እንደገና ብልጭ። ቆንጠጥና ሞቅ ይላል እንጂ ብዙ አያምም። ብልጭታው የሚያርፈው ከዓይኑ በታች ባለው ቆዳ ላይ ነው፤ ዓይኑን ራሱን መንካት የለበትም። ከዚያ ጄሉ ይጠረግና ሐኪሙ የቆቡን ጠርዝ በመቆንጠጫ ጨመቅ ያደርጋል። ከጤነኛ ዕጢ ዘይት የመሰለ ጠራ ያለ ቅባት ይወጣል፤ ከታመመው የሚወጣው ነጭና ወፍራም ነው፣ ጭራሹን የማይወጣበትም አለ። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለ ልዩነት አራት ጊዜ ይደረጋል፤ ከወራት በኋላም መድገም የሚያስፈልጋቸው አሉ።

ብልጭታው ከጉንጭ ቆዳ ላይ ተነሥቶ ዕጢውን እንዴት እንደሚረዳው ብዙ ይባላል፦ ሙቀቱ የጠጠረውን ቅባት ያላላል፣ በቆቡ ዙሪያ ያበጡት የደም ሥሮች ሲዘጉ ብግነት አምጪ ንጥረ ነገሮች ይቀንሳሉ፣ በሽፋሽፍት ሥር የሚኖሩ ዴሞዴክስ የተባሉ ጥቃቅን ተባዮችም ይመናመናሉ። የትኛው ዋነኛው እንደሆነ ገና ክርክር አለ። በ2021 የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከዕጢዎቹ መታወክ ለሚመጣ የዓይን ድርቀት አንድ የብርቱ ብልጭታ መሣሪያ ፈቅዷል፤ ዕድሜያቸው 22 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ከሌሎች ሕክምናዎች ጋር ተጨምሮ የሚሰጥ ብሎ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ኮክሬን የተባለው የማስረጃ መርማሪ ተቋም ጥናቶቹን መርምሮ በቂ ጥራት ያለው ማስረጃ ገና ጥቂት እንደሆነ ጽፎ ነበር። እንግዲህ ብዙ ሰው የሚሻለው ቢሆንም ለሁሉም ይሠራል ብሎ ቃል የሚገባ ክሊኒክ ከማስረጃው ቀድሞ እየሮጠ ነው።

የ2021ዱ ፈቃድ አንድ ተጨማሪ ገደብ አለው፤ ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠውም ይኸው ነው። የሚፈቅደው በፊትዝፓትሪክ መለኪያ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ላሉ ቆዳዎች ብቻ ነው። ቶማስ ፊትዝፓትሪክ የተባሉት የሃርቫርድ የቆዳ ሐኪም በ1975 ያወጡት ይህ መለኪያ ቆዳ በፀሐይ ሲቃጠልና ሲጠቁር የሚያሳየውን ባሕርይ በደረጃ ያስቀምጣል። መጀመሪያ የተዘጋጀው ለነጭ ቆዳ ነበር፤ ጠይሙና ጥቁሩ፣ 5ኛውና 6ኛው፣ በኋላ ተጨመሩ። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ እዚያ ይመደባል። እዚህ ላይ የአገራችን አነጋገር ሊያሳስት ይችላል፤ እኛ «ቀይ» ወይም «የቀይ ዳማ» የምንለው ሰው በዚህ መለኪያ 4ኛ፣ አልፎም 5ኛ ሊሆን ይችላል። «ቀይ ነኝ» ብሎ መተማመን አይበቃም።

ሜላኒን በበዛበት ቆዳ ላይ ብልጭታው ደሙ ጋ ሳይደርስ ከላይ ይዋጣል። የላዩ ቆዳ ይቃጠላል፣ ውሃ ይቋጥራል፤ ሲድን ደግሞ ማድያት የመሰለ ጥቁረት ወይም ነጣ ያለ ምልክት ሊተው ይችላል፣ አንዳንዱም ለወራት ይቆያል። በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በኢንተርኔት ለጸጉር ማጥፊያ የሚሸጡት የቤት ውስጥ መሣሪያዎችም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ከመግዛት በፊት ካርቶኑን ወይም መመሪያውን ማየት ነው፤ ከነጭ እስከ ጥቁር የተደረደሩ የቆዳ ቀለማት ይኖራሉ፣ ጥቁሮቹ ላይም የክልከላ ምልክት አለ። ያንን ምልክት ማለፍ ቃጠሎ መግዛት ነው። ዓይን አካባቢማ በቤት መሣሪያ ፈጽሞ አይሞከርም፤ የዓይናችን ባለቀለም ክፍልም ሜላኒን አለውና በቂ ሽፋን ሳይደረግ ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል።

ስለዚህ ወንበሩ ላይ ከመውጣት በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው፦ የእኔ ቆዳ ስንተኛው ነው? የትኛውን ማጣሪያ ትጠቀማለህ? እንደ እኔ ያለ ቆዳ ስንት ጊዜ አክመሃል? ትንሽ ቦታ ላይ አስቀድመህ ትሞክርልኛለህ? ዶክሲሳይክሊን ወይም ለብጉር የሚሰጠውን አይሶትሬቲኖይን የሚወስድ ሰው መናገር አለበት፤ የመጀመሪያው ቆዳን ለብርሃን ያስቆጣል፣ እርሱ ደግሞ ለሮዛሲያውም ለቆቡም የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። እርጉዝ የሆነች፣ ወይም በቅርቡ ብዙ ፀሐይ የመታው፣ እንዲሁ ይናገር።

ሁሉም ደረቅ ዓይን ከቅባት ዕጢ መታወክ ብቻ የሚመጣ እንዳልሆነም ልብ ማለት ያስፈልጋል። በአገራችን ገጠር የዓይን ማዝ፣ ማለትም ትራኮማ፣ የቆቡን ውስጥ አጠባብሶ ዕጢዎቹን ያጠፋቸዋል፤ የጠፋን ዕጢ ብልጭታ አይመልሰውም። አንዳንድ የመገጣጠሚያ ሕመሞችም ዓይንን ያደርቃሉ፣ ሕክምናቸውም ሌላ ነው።

መንስኤው የዕጢዎቹ መደፈን ከሆነ፣ ቆዳው ጥቁር የሆነ ሰው ብርሃን የሌለበት ሙቀት አለለት። ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለአሥር ደቂቃ ያህል፣ ሲቀዘቅዝ እያሞቁ፣ በተጨፈነ ዓይን ላይ ማቆየት፤ ከዚያ ላይኛውን ቆብ ወደ ታች፣ ታችኛውን ወደ ላይ ቀስ ብሎ ማሸት፤ የሽፋሽፍቱን ሥር ማጽዳት። በክሊኒክም ከ2011 ጀምሮ በአሜሪካ የተፈቀደ፣ ቆቡን ከውስጥ እያሞቀ ከውጭ የሚያሽ ሊፒፍሎ የተባለ መሣሪያ አለ። ሙቀቱ ከመሣሪያው በቀጥታ ስለሚመጣ የቆዳ ቀለም አይለይም።