ሳይጠሩት ብቅ የሚለው መስኮት

ወገዳ ላይ ሆናችሁ፣ በገዛችሁት ጥቅል ፊልም ስትፈልጉ ያልጠራችሁት መስኮት ዘሎ ይወጣል አይደል? የዳታውን ሒሳብ የምትከፍሉት ግን እናንተ ናችሁ።

የነገሩ ጀማሪ ኢታን ዙከርማን ነው፤ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ትሪፖድ የተባለ ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። አንድ የመኪና ኩባንያ ማስታወቂያው ወሲብ ነክ ገጽ ላይ በመታየቱ ተቆጣ። ዙከርማንም ማስታወቂያውን ከገጹ ነጥሎ የራሱ መስኮት ሰጠው። በ2014 አትላንቲክ መጽሔት ላይ ይቅርታ ጠይቋል። (እኔ ብዙም አልፈርድበትም፤ አጭር ኮድ ናት፣ ሌላ ሰውም ይደርስባት ነበር።)

መከላከያውን ኦፔራ ቀድሞ አመጣ፣ ሞዚላ ተከተለ። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ግን እስከ 2004ቱ የዊንዶውስ ኤክስፒ ማሻሻያ ድረስ ዘገየ።

ብልሃቱ እንዲህ ነው፦ አሳሹ "ሰው ነክቷል ወይ?" ብሎ ያጣራል። ነክታችሁ ከሆነ መስኮቱ ይከፈታል፤ ገጹ በራሱ ከጠራው ይታገዳል። አታላይ ገጾች "አጫውት" የሚል የውሸት ቁልፍ የሚደረድሩት ለዚህ ነው፤ የሚፈልጉት ጣታችሁን ነው!

ማገጃው አንዳንዴ የክፍያ ገጽንም ይዘጋል። ያኔ ጨርሶ አታጥፉት፤ ክሮም "ታግዷል" የሚል መልእክት ሲያሳያችሁ ለዚያ ድረ-ገጽ ብቻ ፍቀዱ።