መጌን፦ ከእንቁራሪት ቆዳ እስከ ሳንባችን

"መጌን" የሚለውን ቃል የማያውቅ ከእናንተ መካከል የለም፤ የመጌን ዳቪድ አምቡላንስ በየመንገዱ ታያላችሁ። ወላጆቻችን ጋሻ ይሉታል። ቃሉ በሕክምና ታሪክ ውስጥም ገብቷል፣ ያስገባውም እንቁራሪት ነው።

ማይክል ዛስሎፍ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1980ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ለምርምር እንቁላል ለማውጣት የአፍሪካ እንቁራሪቶችን ሆድ እየቀደደ ይሰፋ ነበር። ወደ ገንዳቸው ሲመልሳቸው ውሃው ጀርም የሞላበት ሆኖ ሳለ ቁስላቸው ሳያመረቅዝ ይድናል። ለምን ብሎ ቆዳቸውን መረመረ። በ1987 ሁለት ትንንሽ ፔፕታይዶችን፣ ማለትም አጫጭር የፕሮቲን ሰንሰለቶችን፣ አሳወቀ፤ እያንዳንዳቸው 23 አሚኖ አሲድ ብቻ ናቸው። ከዕብራይስጡ መጌን ወስዶም "ማጋይኒን" አላቸው።

እሱ ግን የመጀመሪያው አልነበረም። ስዊድናዊው ሃንስ ቦማን ቀደም ብሎ በእሳት እራት፣ እነ ሮበርት ሌረር ደግሞ በ1985 በሰው ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አግኝተዋል። አሠራራቸው ቀላል ነው፦ የባክቴሪያ ሽፋን ኔጌቲቭ፣ ፔፕታይዱ ፖዘቲቭ ነው፤ ይሳሳቡና ሽፋኑ ይበሳል። የኛ ሕዋስ ውጫዊ ገጽ እንደዚያ ስላልሆነ በአብዛኛው ይተርፋል።

ወደ ሳንባ ያደረሰን በ1991 የተመረመረው የላም አየር ቧንቧ ነው። እዚያም ተመሳሳይ ፔፕታይድ ተገኘ። የሰው ሳንባም ዲፌንሲንና ካተሊሲዲን የሚባሉትን እንደሚሠራ ከዚያ በኋላ ታወቀ። በቀን ከ10 ሺህ ሊትር በላይ አየር ለሚያስገባ አካል ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እኛን በቀጥታ የሚነካው የ2006ቱ ግኝት ነው። የሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ማክሮፌጅ የሚባለው ሕዋስ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ መግባቱን ሲያውቅ በቫይታሚን ዲ አማካይነት ካተሊሲዲን ያመርታል። ቫይታሚን ዲ ባነሰበት የጥቁር አሜሪካውያን ደም ግን ምርቱ ደካማ ነበር፤ ቫይታሚኑ ሲጨመር ተስተካከለ። ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ ይህን ቫይታሚን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን ከመጡት ብዙዎቹ ባክቴሪያውን ከአገር ቤት ይዘውት መጥተዋል። በመርካዝ ቅሊታ ምርመራውና ለወራት የሚዋጠው ኪኒን ነበር፤ "ሻሔፈት" የሚለው ሹክሹክታም እንዲሁ። እኔን የሚያናድደኝ ሹክሹክታው ነው። ባክቴሪያው በዓለም ላይ ሩብ በሚሆነው ሕዝብ ውስጥ አለ፤ ከተያዘ 100 ሰው በዕድሜው የሚታመመው ከ5 እስከ 10 ብቻ ነው። ማለትም የአብዛኞቹ አያቶቻችን አካል ጠላቱን አስሮ ይዞታል። ይህን ያደረጉት ፔፕታይዶቹ ብቻቸውን አይደሉም፣ ግን ከጠባቂዎቹ መካከል ናቸው። ታዲያ በዚህ የሚያፈረው ማነው?

"እንግዲያው ቫይታሚን እንዋጥ" የሚሉኝ ልጆች አሉ። ቀስ በሉ። በሞንጎሊያ ከ8,800 በላይ ልጆች በየሳምንቱ ቫይታሚን ዲ ወይም ባዶ ኪኒን ለሦስት ዓመት ተሰጥቷቸው ነበር፤ ውጤቱ በ2020 ሲወጣ ቫይታሚኑ በባክቴሪያው ከመያዝ አላዳነም። ቫይታሚን ዲ ለአጥንት ይጠቅማል፣ የጎደለው ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። የነቀርሳ ኪኒን የተሰጣት አያት ካለችን ግን እስከ መጨረሻው ቀን መዋጧን የምናይላት እኛ ነን።