ሥራ መቀየርና ጤናችን

ውድ እህቴ፣ ቢን ኦምራንም ሆነ ሌላ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠሪ ከሆነ ይህን ታሪክ እወቂው። ድሮ ኳታር ውስጥ አሠሪው ካልፈቀደ ሥራ መቀየር አይቻልም ነበር። የቤት ሠራተኛ ደግሞ በሥራ ሕጉ ውስጥ አልተካተተችም። እንቅልፍ ያጣች፣ ወገቧን ያመማት እህት ምርጫዋ ወይ መቻል ወይ መጥፋት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሕግ ቁጥር 15 ሥራው በቀን ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም አንድ ቀን ዕረፍት እንዲኖር ደነገገ። በ2020 ሕግ ቁጥር 19 የአሠሪውን ፈቃድ አስቀረ። አሁን እስከ ሁለት ዓመት የሠራች የአንድ ወር፣ ከዚያ በላይ የሠራች የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥታ በሥራ ሚኒስቴር በኩል ትቀይራለች።

ሕጉን የማያከብር ቤት አሁንም አለ። ግን ሰውን የሚያሳምመው ድካም ብቻ አይደለም፤ በደሉና «መውጫ የለኝም» የሚለው ሐሳብም ነው። ስለዚህ የታመመችን እህት «ቻይው» ብቻ አንበላት፤ ሳትጠፋ የምትወጣበትን መንገድ እንንገራት።